ግራጫዋም ነጯም አንድ ናት

«ተወዳጁ አባታችን መምህር ዘውዴ ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ» ይላል ወረቀቱ። ተወዳጁ! በርበሬ ልገዛ ሄጄ ነው ያየሁት፤ የሐበሻ ሱቁ በር ላይ፣ «የሚከራይ ክፍል አለ» ከሚለው ማስታወቂያ ጎን ለጥፈውታል። ፎቶውን ከግሪን ካርዳቸው ላይ አባዝተውት ነው መሰለኝ፣ ጋሽ ዘውዴ አንድ ጆሯቸውን ለካሜራው ሰጥተው በጎን ያያሉ። ከታች «አቶ ግርማቸው፣ የቀብር አስፈጻሚ ኮሚቴ ሰብሳቢ» የሚል ፊርማ አለ። ያቺን ፊርማ ሳይ ደሜ ፈላ። በርበሬውንም ተውኩት። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ በሩን ድርግም አድርጌ ዘጋሁና ብቻዬን ጮህኩ። ያን ቀን የተሳደብኩትን እዚህ አልጽፈውም።

ግርማቸው ማለት ጋሽ ዘውዴን ሁለት ዓመት ሙሉ «ሟርተኛው» ሲላቸው የከረመ ሰው ነው። እሱ ብቻ ቢሆን በተሻለ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ሲያገኟቸው ልጆቻቸውን በእጃቸው ጎትተው ወደ ሌላ በኩል የሚያልፉ ሴቶች ነበሩ፤ በስም አውቃቸዋለሁ። አሁን ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ንፍሮ ይቀቅላሉ። ሰውዬው በሕይወት እያሉ አንድ ስኒ ሻይ ያላቀረበላቸው ሁሉ፣ ዛሬ አበባ ማዘዝ ላይ ይሽቀዳደማል። ኧረ በሕግ!

ጋሽ ዘውዴን ያወቅኋቸው ቴክሳስ፣ ግሬፕቫይን ከተማ ውስጥ፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ያለ አንድ ትልቅ ሆቴል ስንሠራ ነው። ስሙን አልጠራውም። እኔ ክፍል አጸዳለሁ፤ እሳቸው የቆሸሸ አንሶላ የተከመረበትን ጋሪ ይገፋሉ፣ ሰርግና ስብሰባ ሲኖር ደግሞ ጠረጴዛና ወንበር ይደረድራሉ። ስድሳ ሊሞላቸው ትንሽ ነበር የቀራቸው። ደሴ ባዮሎጂ ሲያስተምሩ ኖረው፣ በሱዳን በኩል ዞረው ነው የመጡት። አስተማሪነቱ ከጣታቸው አልለቀቀም ነበር። የሆነ ነገር ሊያስረዱ ሲነሡ አውራ ጣታቸውንና አመልካች ጣታቸውን ጠመኔ እንደያዘ ሰው ፈተግ ፈተግ ያደርጉና እፍ ይሉበታል። ቴክሳስ ውስጥ፣ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ቆመው!

ወፍ ይወዱ ነበር። እኛ ብሬክ ላይ እግራችንን ዘርግተን ቴሌቪዥን ላይ ስናፈጥ፣ እሳቸው ዕቃ ማራገፊያው በር ላይ ቆመው ከምሳቸው የተረፈውን ዳቦ ለእርግብ ይፈረፍራሉ። የሆቴሉ ጣሪያ ግራጫ እርግብ ብቻ ነበር። አዳራሹ ፊት ለፊት ያለውን በረንዳ በኩሳቸው ያበላሹታል፤ ተንበርክኬ የምፈገፍገው ደግሞ እኔ። ሶ፣ አንድ ቀን ብው አልኩ።

«ጋሽ ዘውዴ፣ ምነው እነዚህን ቆሻሻ ፒጅኖች ባይቀልቡብኝ? ወገቤ ተቆረጠ እኮ!»

«ማንን ነው ያልሽው?»

«ፒጅኖቹን ነዋ!»

«አዲስ አበባ ብታዪያት ምን ብለሽ ትጠሪያት ነበር?»

«እርግብ።»

«ታዲያ ምን አድርጋሽ ነው እዚህ ስትመጪ ስሟን የነጠቅሻት?» አሉና ጣታቸውን ፈተጉ። ከዚህ በኋላ ማምለጫ የለም። «ሙሉ ስሟ የዓለት እርግብ ነው። የዱር ቤቷ የአውሮፓ ባሕር ዳር ገደል ነው። ለኮርስ ቡልጋሪያ ልከውኝ፣ ጥቁር ባሕር አፋፍ ላይ የዓለት ስንጥቅ ውስጥ ጎጆ ሠርታ በዓይኔ አይቻታለሁ። ሰው ከዚያ አወረዳት። ጫጩቷን በላ፣ ኩሷን ለእርሻው በተነ፣ በጦርነት ጊዜ ደብዳቤ እግሯ ላይ አስሮ በጥይት መሀል ላካት። በመርከብ ጭኖም እዚህ አመጣት። ሥራዋን ስትጨርስ ውጪልኝ አላት። ወዴት ትሂድ? ገደል ሲጠፋ ጊዜ የሆቴል ጣሪያ ገደል መሰላት።»

«ይሁና! በእኔ በረንዳ ላይ ነው እንዴ ኩሷን የምትጥለው?»

«ሌላም ልንገርሽ። እዚህ አገር የአገሩን ወፍ ብትገድይ ሕግ ይጠይቅሻል። እሷን ብትገድይ ግን ማንም አይጠይቅሽም። መጤ ናት። ላይብረሪ ገብቼ አንብቤዋለሁ።»

«አይ ጋሽ ዘውዴ! ወፍና ስደተኛ አያመሳስሉብኝ ደግሞ።»

«እኔ ምን ወጣኝ? ስለ ወፍ ነው የማወራው» ብለው እፍ አሉ።

እንግዳ ከኤርፖርት የሚያመላልሰው የሆቴሉ ሸትል ሾፌር በረከት፣ በሎተሪ የመጣ ልጅ ነው፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ «ፕሮፌሰር ወፎ» የሚል ስም አወጣላቸው። «ፕሮፌሰር፣ ፒጅን ሌላ፣ ደቭ ሌላ! ደቭ ነጯ ናት፣ የሰላሟ፣ የሰርጓ። ይቺ የቆሻሻ ገንዳ ወፍ ናት» ይላቸዋል ሊያበሽቃቸው። እሳቸው መቼ ተበሽቀው። «ነጯም ከእሷው የተራባች ናት፤ ነጭ ነጩን እየመረጠ ያራባት ሰው ነው። ቀለሟን ተወውና እግሯን እይ፣ ስትራመድ አንገቷን እይ። ግራጫዋም ነጯም አንድ ናት። እናንተ እዚህ መጥታችሁ ነው ለአንዲት ወፍ ሁለት ስም የተማራችሁት፤ አንዱን ለመውደጃ፣ አንዱን ለመግደያ።» ይህቺን ንግግር ስንቴ እንደሰማኋት አልቆጥረውም። በሰማኋት ቁጥር ስቄያለሁ፤ ሲያሳፍር።

ከወፏ ሌላ አንድ ወሬ ብቻ ነበራቸው፣ ሰናይት። እናቷ ሞታባት ደሴ አክስቷ ጋ የቀረች ብቸኛ ልጃቸው ናት። አባቷ ጋ የምትመጣበት ፕሮሰስ አልቆ፣ ኤምባሲ ቀጠሮ ተሰጥቷት፣ የቀረው የአባቷ የሥራ ደብዳቤ ብቻ ነበር። ሆቴሉ «አዎ፣ እኛ ጋ ይሠራል» ብሎ ፈርሞ የሚሰጣቸው አንዲት ወረቀት። ችግሩ ሰናይት ሃያ አንድ ዓመት ልትደፍን ወር ከጥቂት ቀን ነበር የቀራት። ሃያ አንድ ከሞላት ፋይሏ ወደ ሌላ ወረፋ ይዛወራል፤ ያኛው ወረፋ መቼ እንደሚደርስ እግዜር ነው የሚያውቀው። ጋሽ ዘውዴ የልደቷን ቀን በትንሽ ወረቀት ጽፈው ደረት ኪሳቸው ውስጥ ይዘውት ይዞሩ ነበር። እንዳልረሳው ነው ይላሉ። ማን ይረሳል የልጁን ልደት? ፈርተው ነው እንጂ። ኦፊሱ ደብዳቤውን ለሰኞ ቀጠራቸው።

ከዚያ ሰኞ በፊት ያለው ቅዳሜ የግርማቸው ልጅ ሰርግ ነበር፣ እኛው ሆቴል፣ እዚያው በረንዳ ላይ። ሰርጉ ላይ ነጫጭ እርግብ ሊያስለቅቁ ነው ተባለ። ያን ሰሞን ፋሽን ነበር። ሱፐርቫይዘራችን ዶና ደግሞ፣ ደንበኛው ስለ በረንዳው አቤቱታ አቅርቧል፣ ፒጅኖቹ ከሰርጉ በፊት መጥፋት አለባቸው ብላ መድኃኒት የተነከረ በቆሎ እንደታዘዘ ነገረችን። ጋሽ ዘውዴ ይህን ሲሰሙ ፊታቸው አመድ መሰለ።

ዶናን ለመኗት። «ቢያንስ ሰኞ አድርጉት። የሚለቀቁት ነጮቹ መመለሻ ቤታቸውን ያልተማሩ ከሆነ፣ ዞር ዞር ብለው ዘመዶቻቸው አጠገብ ነው የሚያርፉት» አሏት በዚያ ቀስ ባለ እንግሊዝኛቸው። እሷም «ዘውዴ፣ እነዚያ እኮ ደቭ ናቸው» ብላ ሳቀችባቸው። በረከትና ዶና አንድ አፍ ሆኑ ማለት ነው።

ሰርጉ ሳምንት ሲቀረው ደግሞ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ግርማቸው ጋ ሄዱ። አጠገባቸው ነበርኩ። ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ በአንቱታ፣ «አቶ ግርማቸው፣ እንኳን ለዚህ አበቃዎት። አንዲት ነገር ልንገርዎትና ይቅር ይበሉኝ። ሆቴሉ ለወፎቹ መርዝ ሊያደርግ ነው። እርግቦቹን መናፈሻ ወስዳችሁ ብትለቋቸው ይሻላል፤ አለዚያ ጣሪያው ላይ አርፈው ይሞቱባችኋል» አሉት።

እግዜር ያሳያችሁ፣ ከዚህ ውስጥ ክፉው የቱ ነው? ሚስቱ አማተበች። ግርማቸው አንቱታውን ጣለው።

«ስማ አንተ ሰውዬ! በልጄ ሰርግ ላይ ሞት ትጠራለህ? ሟርትህን ለራስህ አድርገው!»

«ሟርት አይደለም፣ ባዮሎጂ ነው» አሉ ጋሽ ዘውዴ። ባዮሎጂ! አፋቸውን በእጄ ልይዝላቸው ምንም አልቀረኝም። የእኛ ሰው እንዲህ ነው። እሳት ተነሥቷል ብለህ ብትነግረው አንተን ለኳሹ ያደርግሃል። በማግስቱ ወሬው ከግሬፕቫይን እስከ ፎርት ዎርዝ ደረሰ፤ ዘውዴ ሰርግ ላይ ሟረተ ተባለ።

አሁን የራሴን ልናገር። እስከዚህ ድረስ ሌላ ሰው ስሰድብ ነው የቆየሁት፣ ይመቻል።

ያን ሳምንት ጣሪያው ላይ በቆሎ የምበትነው እኔ ነበርኩ። መጀመሪያ መድኃኒት የሌለበትን፣ ወፎቹ እንዲለምዱት። ዶና ናት የመረጠችኝ፤ ደረጃ መውጣት አታማርርም ብላ። ለጋሽ ዘውዴ አልነገርኳቸውም። የቅዳሜው ባልዲ ግን ክዳን ነበረው፤ ጓንትም ሰጠችኝ፣ ከጨረስሽ በኋላ እጅሽን ሁለቴ ታጠቢ አለችኝ። በቆሎው ቢጫ ዱቄት የተነሰነሰበት ነው። ምን እንደሆነ አልጠየቅኳትም፤ አውቅ ነበርና። ሁለት ልጆች አሉኝ፣ ባል የለኝም፣ እምቢ ብል ሰኞ የጽዳት ጋሪዬን ለሌላ ትሰጣለች ብዬ ፈራሁ። ነጮቹ ደግሞ በርረው ይሄዳሉ፣ ምናለበት አልኩ። በተንኩት፣ አንዲት ፍሬ ሳላስቀር።

ሰርጉ አምሮ ነበር፣ አልዋሽም። ሳጥኑ ተከፈተ፣ ነጫጮቹ ተነሡ፣ እልልታው ቀለጠ። አንዴ ዞሩ። ከዚያ ልክ እሳቸው እንዳሉት ጣሪያው ላይ፣ ከግራጫዎቹ መሀል ዝርግፍ አሉና ቀና ደፋ እያሉ መልቀም ጀመሩ። ከታች ሆኜ አየኋቸው። ጮክ ብዬ ባባርራቸው ይሰሙኝ ነበር። አልጮህኩም።

ፎቶ እየተነሡ ነው የመጀመሪያዋ የወደቀችው። ክንፏን በአንድ በኩል እያርገበገበች መሬት ላይ ተሽከረከረች። ሁለተኛዋ የሙሽሪት ቬሎ ጫፍ ላይ፣ ሌላዋ ኬኩ አጠገብ ወደቀች። ግራጫው ከነጩ ጋር እየተቀላቀለ ይወርድ ጀመር። ሙሽሪት ጮኸች፣ አሮጊቶቹ «እግዚኦ» አሉ፣ ሚዜዎቹ ወንበር ገለበጡ። ግርማቸው በዚያ ሁሉ መሀል፣ «የታለ ያ ሟርተኛ? አምጡልኝ!» ይላል። ጋሽ ዘውዴ ግን ተንበርክከው የሚንፈራገጡትን አንድ በአንድ እያነሡ በጠረጴዛ ጨርቅ ይሸፍኑ ነበር። ለነጩም ለግራጫውም አንድ ጨርቅ።

ማናጀሩ ኦፊሱ ጠራን፤ እሳቸውን፣ ዶናን፣ እኔን። ግርማቸውም እዚያ ቆሞ ይንጨረጨራል። ማናጀሩ መርዙን በአፉ አልጠራውም። ደንበኛ ፊት ይጥራው እንዴ? «ወፎቹን የሚመግብ ሰው አለ ብለውኛል። ጣሪያችን ላይ የሰበሰባቸው እሱ ነው። ማነው?» አለ። ዶና ጫማዋን አየች። እኔም ጫማዬን አየሁ። ቀና ስል ጋሽ ዘውዴ ሽርጤን እያዩ ነው። ጠርዙ ላይ ቢጫ ዱቄት ነበረበት።

ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ጣታቸውን ፈተግ አደረጉ፣ እፍ ግን አላሉም።

«እኔ ነኝ ያበላኋቸው» አሉ።

ዳቦ አብልተዋል፣ እውነት ነው። ማናጀሩ ሌላ ነገር መስማት አልፈለገም፤ እዚያው ባጃቸውን ተቀበላቸው። ከሥራ ለተባረረ ሰው የሥራ ደብዳቤ አይሰጥም። እኔ አንድ ቃል ብተነፍስ ኖሮ! «መርዙን ያዘዛችሁት እናንተ፣ የበተንኩት እኔ» ማለት ስንት ቃል ነው? ምላሴ እንደሆነ ለወትሮው አጭር አይደለም፣ የሚያውቀኝ ያውቀዋል። ያን ቀን ግን ዋጥኳት።

ሰናይት ሃያ አንድ ሞላት። ጋሽ ዘውዴ ፎርት ዎርዝ መኪና ማጠቢያ ገቡ፤ አዲሱ ደብዳቤ ተሟልቶ እስኪላክ ልደቷ አልፎ ነበር። ከዚያ ወዲያ ፋይሏ ወረፋ ላይ ነው ከሚል በቀር ወሬ የለም። ሟርተኛው የሚለው ስም ግን በየሄዱበት ቀድሟቸው ይደርስ ነበር። ሰርግ የሚጠራቸው ጠፋ፤ ክርስትናም ቀረ። እኔን ቤተ ክርስቲያን ሲያገኙኝ፣ «ብዙነሽ፣ ልጆችሽ ደኅና ናቸው?» ይሉኛል። ሁልጊዜ። አንድ ቀን እንኳን ፊታቸውን ቢያጠቁሩብኝ ምን ነበረበት? ቢሰድቡኝ እኮ እናገር ነበር። ያ ደኅንነቴን መጠየቃቸው ነው ያበገነኝ። ልባቸው ሲቆም መኪና ማጠቢያው ውስጥ ጨርቅ እንደያዙ ነበር አሉ።

ለቅሶው ፎርት ዎርዝ፣ እሳቸው የነበሩባት አንድ ክፍል አፓርታማ ውስጥ ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሄድኩ። መግቢያው ላይ ግርማቸው እንግዳ ይቀበላል፣ በጥቁር ሱፍ። «ብዙነሽ፣ አባታችንን አጣን አይደል?» አለኝ።

«የማን አባት?» አልኩት። ሐዘን ነው ብሎ አለፈኝ። መስኮቱ ጠርዝ ላይ የዳቦ ፍርፋሪ ነበር፤ አንዷ ሴትዮ በስፖንጅ እየጠረገችው «ሰውዬው ቆሻሻ ነበሩ ልበል?» ስትል እጇን ያዝኩት። «ተይው!» ብዬ ጮህኩባት። ሰው ሁሉ ዞረ።

ስልክ ተደወለ። ሰናይት ናት፣ ከደሴ። ግርማቸው «አይዞሽ ልጄ፣ እኛ አለን፣ አባትሽ የሁላችንም አባት ነበሩ» ሲላት ቆይቶ፣ አብራቸው የሠራች ሴት ካለች አገናኙኝ ብላለች ብሎ ስልኩን ሰጠኝ። ጠባብ ቤት ነው፤ ሁሉም ጆሮውን አቁሞ ይሰማል።

«እትዬ ብዙነሽ ነዎት?» አለችኝ። ድምጿ ልስልስ ያለ ነው፣ እንደ አባቷ። «አባዬ ስለ እርስዎ ጽፎልኝ ነበር። በበቆሎው ጊዜ ማለቴ ነው። ‹ብዙነሽ መርዝ መሆኑን አላወቀችም፣ በጭራሽ እንዳትቀየሚያት› ብሎኛል። እኔም እንዳልተቀየምኩ እንዲያውቁልኝ ብዬ ነው።»

አላወቀችም! እኒያ ሰውዬ እኮ አንዲት ወፍ ያለ ስሟ ስትጠራ ምሳቸውን አቋርጠው የሚያርሙ ሰው ናቸው። ሽርጤን አይተዋል፤ መርዝ እንደሚደረግም ሲናገሩ አጠገባቸው ቆሜ ሰምቻለሁ፣ መስማቴንም ያውቃሉ። በዕድሜያቸው አንዲት ውሸት ቢጽፉ ለእኔ ጻፏት። ማን ለመናቸው? ማን ዋሹልኝ አላቸው? ሞተውም ተናደድኩባቸው።

«ሰናይት» አልኩ፣ ጮክ ብዬ። «አባትሽ ዋሽተውሻል። አውቅ ነበር። መርዝ መሆኑን አውቄ ነው የበተንኩት። እሳቸው ሟርተኛ አልነበሩም። የተባረሩትም በእኔ ነው፤ አንቺም የቀረሽው በእኔ ነው።»

ንፍሮ የምታዞረው ልጅ ከነሳህኑ ቆመች። ግርማቸው ፊቱ ተለዋውጦ ወደ እኔ መጣና እጁን ለስልኩ ዘረጋ።

«መስመሩ ተቋርጧል መሰለኝ። አምጪው፣ ልዝጋው» አለ።

«አልተቋረጠም» አልኩት፣ ትንፋሿ ይሰማኝ ነበር። «እየሰማች ነው። አንተም ቁጭ በልና ስማ።»